የአባባ ድድና የዘንድሮው ጾም

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ቁርስ ላይ አባባ የገመጡት ዳቦ ላይ ደም አየሁ። እሳቸውም አይተውታል። ያንን ወገን ቶሎ ብለው ጎረሱትና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። በየካቲት ምን ዝናብ አለ? እማም አይታለች፤ ግን እማ ያየችውን ሁሉ አትናገርም። አፌ የማያርፈው እኔ ነኝ። ደሙ ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው። "ከዳቦው" አሉኝ። አባቴን መሪጌታ አሥራተ ማርያምን የሰቆጣ ሰው የሚያውቃቸው በቁጣቸው ነው፤ እኛ ቤት ግን የሚደብቁት ነገር ሲኖር ይቀልዳሉ።

ስኳር በሽታ ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል። ጠዋትና ማታ መርፌውን የምወጋቸው እኔ ነኝ፤ ወደ ልብስ ስፌቴ ከመሄዴ በፊት አንዴ፣ ስመለስ አንዴ። እማ መርፌ ሲገባ ማየት አትችልም። ወንድሜ አንዷለም ሳዑዲ ነው። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ መጠኑንም ተሳስቼ አላውቅም። በዚህ እኮራለሁ። ልኩራ፤ ሌላ የምኮራበት ብዙ የለኝም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሱቄ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ሁለት ሴቶች ገቡ። መኖሬን አላወቁም። አንደኛዋ፣ መሪጌታ ሲያናግሯት ፊቷን እንዳዞረች ተናገረች። ተማሪዎቻቸውም ራቅ ራቅ ብለው መቀመጥ ጀምረዋል አለች። ሌላዋ "ምስኪን፣ የታመመ ሰው አፍ ነው" አለች። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

እቤት ስገባ ጠጋ ብዬ ሳምኋቸው። እውነት ነው። እኔም ካወቅሁት ቆይቻለሁ፤ ሰው እስኪናገረው ነው የጠበቅሁ። የወይራ መፋቂያቸው መስኮቱ ላይ ደርቋል። ስለሚያደማቸው ትተውታል።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ለክትትል ሆስፒታል ሄድን። ስኳራቸው በጣም ጨምሯል። ነርሱ ወንዳወቅ በልጅነቱ አባባ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ነው፤ ዛሬም "የኔታ" ብሎ ጉልበታቸውን ሳይስም ደማቸውን አይለካም። ጣፋጭ ነገር ይወስዱ እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ጠየቃቸው።

"ስኳር የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም" አሉት።

ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነው አልሁት። እውነትም ነው፤ እማና እኔ እንኳ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለምደናል። እንግዲያስ መርፌው አልበቃቸውም አለና መጠኑን ጨመረ። ስለ ድዳቸው አላነሣንም። ለስኳር ሄዶ ስለ ጥርስ ምን ይወራል?

ማታ እማ እንደ ልማዷ ነጩን ማር አወጣች። የአገራችን ነጭ ማር ለቆሰለ ድድ መድኃኒት ነው፤ ለድምፅም ነው። በጣቷ ድዳቸውን ዙሪያውን ትቀባላቸዋለች፣ የቀረውን ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ይተኛሉ። ለማኅሌት ሲነሡ ደግሞ ለጉሮሯቸው በማንኪያ ይወስዳሉ። ማሩን ከአምደወርቅ የማስመጣው እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ጥሩ ነው የመጣልኝ። ሕመሙ ሲበረታ ጨምረንላቸዋል።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ የቅበላ ማታ

ሥጋውን ማኘክ አቃታቸው። እማ አድቅቃ ከትፋ በመረቁ አራሰችላቸው። ዓይኔን ወዴት እንደማደርግ ጨነቀኝ።

አንዷለም ደወለ። ጥርሱ ሁሉ ይነቀልና ሰው ሠራሽ ይተከልላቸው፣ ባሕር ዳር ውሰጃቸው አለ። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ምን ይከብዳል? አባባ ሰምተው ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆመው ነገሩኝ። ጾሙ ሲገባ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፤ ዜማው የሚቆመው በሰው ድምፅ ብቻ ነው። ጥርስ የሌለው ሰው ደግሞ ቃሉ ያመልጠዋል። "እኔ ከመምህሬ አፍ የተቀበልሁትን ለካሤ ሳልጨርስለት አፌ ከፈረሰ ምን ልሁን?" አሉኝ።

ካሤ የመጨረሻው ደቀ መዝሙራቸው ነው። ጎልማሳ ነው፤ እርሻውን ለወንድሙ ትቶ እሳቸው ዘንድ ተቀምጧል። የዜማው ምልክት ብራናው ላይ አለ፤ አካሄዱ ግን የሚገኘው ከአፍ ነው። ይህን አካሄድ የሚያውቅ ከአባባ ሌላ በአገሩ አልቀረም። ለዚህ ነው ጥርሴን አላስነካም የሚሉት። አንጀቴን በሉት። ግን ተቆጣኋቸው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኋቸው። እኔ ሳዝን እቆጣለሁ፣ ምን ላድርግ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ። የነፍስ አባታቸው አዘዋቸዋል፤ ረፋድ ላይ ይበላሉ። እያጉረመረሙ ተቀበሉ። "የታመመው ሥጋዬ ነው፤ ነፍሴ ምን አደረገቻችሁ?" አሉ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ስኳሩ አልወረደም። ወንዳወቅ ግራ ገብቶታል። ጣፋጭ? የለም። መርፌው ተዘሎ ያውቃል? የለም። ይህን ሲጠይቀኝ ተናደድሁ፤ እኔን ነው የሚጠረጥረው? እንደገና ጨመረ። ስንወጣ ለባልደረባው "የመሪጌታ ስኳር አልታዘዝ አለኝ" ሲል ሰማሁት።

ደክሞኛል። ነገ የሰርግ ቀሚስ ማስረከብ አለብኝ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ጉንጫቸው አብጧል። ዛሬ በቅዳሴው ላይ አንድ ቃል በጥርሳቸው መካከል ፉጨት ሆኖ ወጣ። ሌላ ሰው አላስተዋለም፤ ካሤ ግን ቀና ብሎ አያቸው። ያቺን አስተያየት አልቻሏትም። እቤት ሲገቡ ራሳቸው "ውሰጂኝ" አሉኝ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የጥርስ ሐኪሟ ምስራቅ ትባላለች። ከደሴ የመጣች ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ማን እንደሆኑ ስለማታውቅ "አባቴ" እያለች ነው ያነጋገረቻቸው። አፋቸውን አስከፈተቻቸው። በቀጭን ብረት ድዳቸውን ነካ ስታደርገው መግል ወጣ። እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርሁ።

የታመመው ጥርሱ አይደለም፣ የተተከለበት መሬት ነው አለች። ስኳር ሲበዛ ድድ ቁስሉን መከላከል ያቅተዋል። የቆሰለው ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል፤ መርፌ ቢጨመርም አልታዘዝ ይላል። አንዱን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፣ ሌላው መልሶ ያበላሸዋል። ይህን ስትናገር ወንዳወቅ ያለው ትዝ አለኝ። ስለ ጥርስ አላነሣንለትም ነበርና።

አባባ ይነቀሉ ልትል እንደሆነ ጠየቋት። የፊቶቹ እንደሚድኑ፣ ከኋላ አንዱ ብቻ እንደሚወጣ ነገረቻቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ከዚያ በድዱ ላይ ምን ሲያደርጉበት እንደቆዩ ጠየቀች። "ማር" አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። ስንት? በእጃቸው አሳዩአት። ይዘውት እንደሚተኙም ነገሯት። ብረቷን አስቀመጠች።

"ለመድኃኒት ነው እንጂ ለመብል አይደለም" አሏት።

"አባቴ፣ ለመድኃኒት ይሁን ለመብል ደምዎ ምን ያውቃል?"

አፋቸውን መልሰው ከፈቱላት።

ጥርሱን ነቀለች፣ የደረቀውን ቆሻሻ ከሥሩ ጠረገች፣ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘች። በጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ። እሳቸው ሲወጡ እኔን አስቀረችኝ። ወደ ስኳር ክትትሉ ዛሬውኑ ሄጄ የማሩን ነገር እንድናገር አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። የተጨመረው መርፌ ማሩንና ቁስሉን ለማሸነፍ ነው፤ ማሩ ከቀረና ድዱ ከዳነ መጠኑ ይበዛባቸዋል። የወረደ ስኳር ከጨመረው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል አለችኝ። እሺ አልኋት።

መንገድ ላይ አባባ ቆሙ። ጉንጫቸው ውስጥ ጥጥ ስላለ ንግግራቸው ተጎርዷል።

"ለወንዳወቅ ሐሰት ተናግሬ ኖሯል። ያውም ፊደል ላስቆጠርሁት ልጅ።"

ሳያውቁ እንደሆነ ነገርኋቸው። አልሰሙኝም። ራሳቸው እንደሚነግሩት፣ ከፋሲካ በኋላ ይቅርታ እንደሚጠይቁት፣ እስከዚያ እንዳላነሣው ለመኑኝ። አባቴ ለምነውኝ አያውቁም። ደግሞስ እኔም አጠገባቸው ቆሜ እውነት ነው ብያለሁ። በወንዳወቅ ፊት እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ? እሺ አልኋቸው። ለሁለቱም እሺ አልሁ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ማሩን ለጎረቤት ሰጠሁት። እማ ስትሰማ ዱቄት እያቦካች ነበር። ባሌን በገዛ እጄ ስመርዘው ኖርሁ ወይ ብላ እጇ ሊጥ እንደያዘ ተቀመጠች። አይደለም ማለት ነበረብኝ። "ማን አወቀ" አልኋት። እናቴን እማዋይሽን የሚያህል ሰው አስለቅሼ ወደ ስፌቴ ሄድሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ደሙ ቆሟል። ዛሬ ቂጣ በራሳቸው ቆርሰው አኘኩ። ወደ ሆስፒታል ብቅ ልል ነበር፤ ሥራ በዛብኝ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ይህን ቀን ልጻፈው። ድዳቸው ሮዝ ሆኗል። የፊት ጥርሳቸው አይነቃነቅም። ዛሬ በማኅሌቱ ድምፃቸው በሴቶች በኩል ለቆምነው ጥርት ብሎ ሲሰማን አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ቃል አልፈሰሰም። ካሤ እየተከተላቸው፣ እሳቸው በመቋሚያቸው እየመሩት። ስንመለስ አዲስ የወይራ መፋቂያ ከደጁ ዛፍ ቆርጠው እንደ ወጣት እየፋቁ ገቡ።

ሁሉ ተማሪ ተጠግቶ ተቀምጧል። እኔ ነኝ ያዳንኋቸው ብዬ አሰብሁ። ሰው እንዲህ ሲያስብ አፉን ቢይዘው ይሻላል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ረፋድ ላይ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ካሤን ያለ ምክንያት ሰደቡት፣ የእኔን ስም አጥተው በእማ ስም ጠሩኝ። ምግብ ሲቀርብላቸው ተመለሱ። ጾሙ ነው። ደግሞም ሌሊት ቆመው ነው ያደሩት።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ወንዳወቅን ገበያ ላይ አገኘሁት። ድዳቸው እንደዳነ ስነግረው እንደ ልጅ ደስ አለው። ነገ እንዳመጣቸው፣ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል መርፌውን ማስተካከል እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ሰሞኑን እንደማይመቻቸው፣ ከፋሲካ በኋላ እንደምንመጣ ነገርሁት። "ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተቀላቀለ ንግግር ካየሽ የትም ይሁን መቼ ይሁን ጣፋጭ ነገር አፋቸው ላይ አድርጊ፤ አትጠብቂ" አለኝ። ይህንን የመጀመሪያው ዓመት ላይም ነግሮናል፤ አውቀዋለሁ።

ስለ ዓርቡ ላብ አልነገርሁትም። አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው። ስለ ማሩም አልነገርሁትም። ቃል ገብቻለሁ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሣዕና

አባባ የዘንባባ ቀለበት ሠርተው አጠለቁልኝ፤ እንደ ልጅነቴ። ጥሩ ቀን።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሕማማት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አይመጡም። ለረፋድ የምልከው ምግብ ይመለሳል። እዚያ በላሁ ይላሉ። ማን እንዳበላቸው ስጠይቅ እማ ወሬ ትለውጣለች። መርፌውን ጠዋት እሳቸው ወደሚያድሩበት ሄጄ እወጋቸዋለሁ። ቀጥነዋል።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ጉልባን ሊቀምሱ ብቅ አሉ። ጓዳ ሆኜ ከእማ ጋር በኽምጣኛ ቀስ ብለው ሲነጋገሩ ሰማሁ። የአገራችንን ቋንቋ የሚናገሩት የልብ ነገር ሲሆን ነው። ሳምንቱን እንደምንም ዘለቅሁት፣ ነገን ብቻ ልጨርስ፣ ለዓይናዲስ እንዳትነግሪያት፣ ይላሉ፤ ለእኔ ማለታቸው ነው። እማ እያለቀሰች ነው።

ምኑን እንደሚጨርሱ አልሰማሁም። ስገባ ዝም አሉ። በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ በልቻለሁ አሉኝ። አባባ ካሉ አሉ ነው።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ጠዋት። እንደታዘዘው ወጋኋቸው። ስግደቱ ሊጀመር ነው። እሄዳለሁ።

ማታ። ሆስፒታል። እስትንፋስ አላቸው። አይነቁም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ኮሪደሩ ላይ ነኝ። ከተማው ሁሉ ጾሙን ፈቷል፤ ከእኛ ግን ማንም አልቀመሰም።

ዓርብ ከሰዓት ከስግደቱ መሐል አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ከዚያ ጋደም አሉ። ወዲያው ሮጥሁ። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል ግን ቃሉ አይገባም። ተሸክመን ወደዚህ አመጣናቸው። ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ነበር። በደም ሥራቸው ስኳር ሰጧቸው፣ ከፍ አለ። እሳቸው ግን አልነቁም።

ወንዳወቅ በዓሉን ትቶ አብሮን አደረ። ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። ቀና ብሎ እኔን አላየኝም።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ዓይናቸውን ገለጡ። እማ መሬት ላይ ተደፋች። አዩኝ፤ አንቺ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ሐኪሙ ትዕግሥት እንዲኖረን ነገረን። ስኳር ወርዶ ብዙ ከቆየ አንጎል ይጎዳል፤ ምን ያህል ቆይተው እንደነበር ጠየቀን። ጥቂት ነው አልሁ። እንዲያው አንድ የስግደት ዙር እስኪያልቅ።

ምስራቅ ልትጠይቃቸው መጣች። አፋቸውን በባትሪ ብታየው ድዳቸው ፈጽሞ ድኗል፤ ከልማድ የተነሣ "ጎበዝ አባቴ" አለቻቸው። ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ለወንዳወቅ ተናገርሁ። ማሩን፣ ምስራቅ ያለችኝን፣ የመጋቢቱን ዓርብ ላብ፣ በሕማማት ሳይቀመስ የተመለሰውን ምግብ። ካርዱ ላይ ምንም ሳይጽፍ አዳመጠኝ። "እኔን አፍረሽ ነው?" አለኝ። አዎ አልሁት። እሱም ማር ይቀቡ እንደሆነ ያልጠየቀው፣ የየኔታን ቃል መመርመር ድፍረት መስሎት እንደሆነ ነገረኝ። ሁለታችንም ስለ አክብሮት ስናወራ እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ማንኪያ እንዴት እንደሚያዝ እንደ ሕፃን ይማራሉ።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

አልጻፍሁትም ነበር። እስኪ ልጻፈው።

አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቀመጡ ከሴቶች በኩል አይቻቸዋለሁ። ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ሲጠርጉ አይቻለሁ። ለካሤ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። መጣና ደክሟቸው ነው፣ ትንሽ ይረፉ፣ አሁን ማንሣት አይገባም አለኝ። ከከንፈራቸው የሚወጣውን ዜማ መስሎታል፤ በተመስጦ ላይ ናቸው አለኝ። ሌሎቹም በአክብሮት ዞረውላቸው ይሰግዱ ነበር።

ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ላቡን አውቀዋለሁ፤ ወንዳወቅ የነገረኝን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ከደጁ ሱቅ ስኳር ልግዛ ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ ቆምሁ። በስቅለት ቀን፣ ሕዝቡ ሁሉ አፉን መራራ አድርጎ በቆመበት፣ ሳይሰናበት፣ ሴት ልጅ ወደ ካህናቱ መሐል ገብታ በመሪጌታ አፍ ውስጥ ጣፋጭ ስታደርግ? ሰው ምን ይላል አልሁ። ሲነቁ እሳቸውስ ምን ይሉኛል አልሁ። ስንብቱ ሩቅ አይደለም ብዬ ተመልሼ ሰገድሁ።

ፀሐይዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በላይ ነበረች። ስደርስላቸው ከጀርባው ወርዳለች።

ይህን ለእማ አልነገርኋትም። እማ ጥፋቱ የማሩ እንደሆነ ታምናለች፤ በእሷ እጅ። ንገሪያት እያለ ልቤ ይወቅሰኛል፣ አፌ ግን እምቢ አለ። ያ የማያርፈው አፌ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

እቤት ገብተዋል። ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። መርፌያቸው ከግማሽ በታች ሆኗል። እኔን አንዳንዴ ያውቁኛል። አንዷለም በቪዲዮ ሲያያቸው ደህና ናቸው ብሎ አመሰገነ፤ ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ ሲስቁ ስላየ ነው። አላረምሁትም።

ቁጣቸው ጠፍቷል። ቁጣቸው ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ካሤ መጣ። እስከ ዛሬ ደጅ እየደረሰ ይመለስ ነበር። አባባን በረንዳው ላይ አስቀምጠን መቋሚያቸውን እጃቸው ላይ አደረግንላቸው፤ አጥብቀው ያዙት። ካሤ ጉልበታቸውን ስሞ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠና የትንሣኤውን ዜማ ለእርማት ያቀርብ ጀመር። ሐኪሙ የለመዱት ነገር ሊያነቃቸው ይችላል ብሎን ነበር። እማ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ድምፁ ያምራል። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወደ ራሳቸው መጡ አልሁ።

ከዚያ አንዲት ቦታ ደረሰ። ይህቺን ቦታ ከልጅነቴ አውቃታለሁ። ስንቱ ተማሪ እዚህ ላይ ይስታል፤ በሳተ ቁጥር አባባ በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው "መልስ" ብለው ሲጮኹ ከእንቅልፌ እነሣ ነበር። ካሤም ሳተ። መቋሚያቸውን አየሁ። እማም አየች። አልተንቀሳቀሰም። ካሤ እስከ መጨረሻው ዘለቀ፣ አባባ ዓይናቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ።

"ደግ ነው" አሉት። "ድምፅህ ደግ ነው። የማን ተማሪ ነህ?"

ካሤ እንደገና ጉልበታቸውን ሳመና ወጣ። እስከ አጥሩ ተከተልሁት። ያነቃቸው እንደሆነ ብሎ አውቆ የሳተ መስሎኝ ነበርና ልጠይቀው ፈለግሁ።

"ካሤ፣ እዚያች ላይ አውቀህ ነው የሳትኸው?"

ዞሮ አየኝ። ፊቱ ባዶ ነው።

"የት ላይ?" አለኝ።

ላሳየው አፌን ከፈትሁ። ዓመታት ሙሉ የሰማሁት መሬቱ ሲመታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እርማት እየሰማሁ መልሶ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። መሳትህን እንጂ ልኩን አላውቀውም አልሁት። ነጠላውን ደርቦ ቁልቁል ሄደ።